አሮጌ መኪና ውስጥ ውሃ ሲገባ፦ ከየት እንደገባ ሳታውቁ ብር እንዳታወጡ

ክረምት ላይ ጠዋት በሩን ስትከፍቱ የሻገተ ጨርቅ ሽታ ከተቀበላችሁ፣ መስታወቱ ከውስጥ አልቦ ካደረ፣ ታፔቴውን ስታነሱት ሞኬቱ ውሃ ከቋጠረ የሆነ ቦታ እያስገባ ነው ማለት ነው። የኔ መኪና በፈረንጆቹ 1998 የተሰራ ኮሮላ ነው፣ ባለፈው ሐምሌ የጋቢናው ተሳፋሪ እግር ስር እንዲህ ሆኖብኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ገና ሳያዩት የበር ጎማ ነው ብለው አራቱንም አስቀየሩኝ፣ ሲሊኮንም ለቀለቁበት፣ በሁለተኛው ዝናብ ውሃው እዛው ቦታ ተመለሰ። ብሩም ሄደ ሞኬቱም መሽተት ጀመረ። ስለዚ መጀመሪያ መንገዱን ፈልጉ፣ ከዛ ነው መግዛት።

የምን ውሃ ነው?
ዝናብ ወይ ላቫጆ በኋላ ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ከውጪ ነው የሚገባው። በደረቅ ቀን ኤሲ ስትከፍቱ ብቻ ከሆነ የኤሲው ማፍሰሻ ጎማ ተደፍኗል፣ ከመኪናው ስር ገብቶ በስሱ ሽቦ መጥረግ ነው፣ ኤሲው ሲሰራ መሬት ላይ ጠብ ጠብ ካለ ተከፍቷል። ዝናብም ኤሲም ሳይኖር ከረጠበ፣ የሚያጣብቅና ጣፋጭ የሚሸት ከሆነ ደግሞ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው፣ የመኪናውን ውስጥ ከሚያሞቀው ሂተር ራዲያተር የሚመጣ። ግን እኛ ጋ ብዙ ሰው የቧንቧ ውሃ ስለሚሞላ ሽታም ቀለምም ላይኖረው ይችላል፣ እና ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ዋናውን ራዲያተር ሙሉት፣ ከሁለት ሶስት ቀን በኋላ እዩት፣ ከጎደለና መሬት ላይ ምንም ካልፈሰሰ ሂተሩን ጠርጥሩ።

ከዝናብ በኋላ የተሳፋሪው እግር ስር ብቻ ሲረጥብ
ዋይፐሩ ስር ካለው ፕላስቲክ ውስጥ የዝናብ ውሃ የሚሰበስብ ቦታ አለ፣ ውሃው በግራና በቀኝ ቀዳዳ ወደታች ይወርዳል። ቅጠል ሲደፍነው ውሃው እየሞላ ይመጣና የፋኑ አየር መሳቢያ ጋ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። የኔ ችግር ይሄ ነበር። ጽድ ስር ነው የማቆመው፣ ዋይፐሩንና ፕላስቲኩን ፈትቼ ሁለት እፍኝ የበሰበሰ ቅጠል አወጣሁ፣ አንድ ጆግ ውሃ ሳፈስበት ከፊት ጎማው ኋላ ዥው ብሎ ወጣ። አንድ ብር አላወጣሁም። ዛፍ ስር የምታቆሙ ሰኔ ሳይገባ አንዴ ክፈቱት።

በሩን ስትዘጉ ውስጡ ውሃ ሲንቦጫቦጭ
በር ውስጥ ውሃ መግባቱ በራሱ ችግር አይደለም፣ በመስታወቱ ጎን ይገባል በታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል፣ ሲሰራም እንዲህ ተብሎ ነው የተሰራው። ችግሩ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ሲደፈኑ ነው ወይም ከበሩ ልባስ ጀርባ ያለው ላስቲክ ሲቀደድ ነው። የመስታወት ማንሻ የሰራላችሁ ሰው ላስቲኩን ቀዶ ሳይመልሰው ዘግቶት ሊሆን ይችላል፣ ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ቀዳዳውን በሽቦ ጥረጉ፣ ወፍራም ላስቲክ በሚያጣብቅ ጥቁር ማስቲሽ ለጥፉ። ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን እንዳታስደፍኑ፣ በሩ ከውስጥ ይበሰብሳል።

ከኩሩስኮት (ዳሽቦርድ) በላይ ሲንጠባጠብ
የፊት መስታወቱ ከዚህ በፊት ተቀይሮ ከሆነ ሙጫው ወይም ስሩ ያለው ዝገት ነው። እዚ ጋ ብር ይጠይቃል፣ ምክንያቱም መስታወቱ መነሳት አለበት፣ አሮጌ መስታወት ደግሞ ሲነሳ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ከተሰነጠቀ ማን እንደሚከፍል ስራው ሳይጀመር ተነጋገሩ። ዝገቱ ካልተፋቀና የዝገት መከላከያ ቀለም ካልተቀባ አዲሱ ሙጫም አይቆይም። ከላይ ዝም ብሎ ሲሊኮን ማስቀባት ውሃውን ሌላ ቦታ ከመላክ በቀር አይፈይድም።

የኋላ ሻንጣ ውስጥ ትርፍ ጎማው ስር ውሃ ከተጠራቀመ የኋላ መብራቱን ጎማ ቀድማችሁ እዩ።

ሂተሩ ከሆነ
እቃውን ሶማሌ ተራ ዞር ዞር ብላችሁ ማግኘት ይቻላል፣ የሚያስወጣው ግን ጉልበቱ ነው፣ ብዙ መኪና ላይ ኩሩስኮቱ በሙሉ መውረድ አለበት። ብር እስኪሞላላችሁ ወደ ሂተሩ የሚገቡትን ሁለት ማኒኮቶዎች (የውሃ ጎማዎች) ሞተር ክፍሉ ውስጥ በቧንቧ አገናኝቶ በፋሼታ (ማሰሪያ ቀለበት) ማሰር ይቻላል፣ ውሃው ይቆማል። ሙቀት ግን አይኖራችሁም፣ እንደ ደብረ ብርሃን ያለ ብርድ ሀገር በሌሊት የምትሄዱ ከሆነ መስታወቱ ጉም ይይዝባችኋል፣ ይሄ አደጋ ነው።

ምንጩ ካልታወቀ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው በጎማ ቱቦ በቀስታ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ያጠጣ፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆም እያለ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ቦታ ይረጥብና ምንም አታውቁም። የላቫጆ ግፊት አትጠቀሙ፣ ጤነኛ ጎማንም አልፎ ይገባል።

እባካችሁ ደግሞ አታቆዩት። ሞኬቱ ስር ያለው ስፖንጅ ውሃ ይዞ ወራት ይቆያል፣ ስሩ የሽቦ ማገናኛ አለ፣ ላሜራው ይዝጋል፣ ያኔ የኤሌትሪሺያንና የብየዳ ሂሳብ ይመጣል። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን መኪና ማቆየት ነው ያለብን። ወንበሩን ፈታችሁ ሞኬቱን አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ሲመለስም ወዲያው አታጣብቁት፣ ስሩ ጋዜጣ አንጥፋችሁ ሁለት ሶስት ከባድ ዝናብ ይለፍበት፣ ጋዜጣው ደርቆ ካገኛችሁት ያኔ ወንበሩን እሰሩ።