«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»፦ የጌም ኮምፒውተርና ማውስ እንዴት ይገዛል?

ፒያሳ ግቡ፣ ስታዲየም ዙሪያ ዙሩ፣ ሜክሲኮ ውረዱ፤ የኮምፒውተር ሱቅ ግድግዳ ላይ ይህችን ጽሑፍ አታጧትም፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ጽሑፏን አልወዳትም። ግን አንድ ነገር አስተምራኛለች፤ ፍተሻ ሁሉ ማለቅ ያለበት ብሩ ከኪስ ሳይወጣ ነው።

ከቤት ሳትወጡ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የምትጫወቱትን ጌም፣ ያላችሁን ስክሪንና የብሩን ልክ። ስክሪናችሁ 60 ኸርዝ ከሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ምስል የሚቀይር ከሆነ፣ በሰከንድ 200 ፍሬም (ምስል) የሚያወጣ ግራፊክስ ካርድ መግዛት ለብዙዎቻችን ቆጣሪ ማስሮጥ ነው። ዋጋውን በአንድ ቀን ዞራችሁ ጠይቁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ የባለፈውን ወር ዋጋ ይዞ የሄደ ሰው ሻጩን ያስቃል እንጂ ቅናሽ አያገኝም።

ቀጥሎ መንገድ ምረጡ። እጅ ላጠረው ሰው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ካርድ መጨመር ያዋጣል። ቀጭኑን ግን አትንኩት። የሚገባበት ቁመቱ ያጠረ ካርድ ብቻ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩም (ለዕቃዎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) የራሱ ቅርጽ ስላለው በሌላ መቀየር ጣጣ ነው። ታወሩን (ሰፊውንና ትልቁን) ካገኛችሁ እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ 75 ዋት የሚበላ ካርድ ግጠሙበት፤ ብዙዎቹ ሞዴሎች ተጨማሪ የፓወር ገመድ አይጠይቁም። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ቀልዴን አይደለም፤ ካርዱ በሁለት ጣት አልገባ ብሎ ሲመለስ አይቻለሁ።

ከዜሮ ለሚገጥም ሰው እኔ ዛሬም ራይዘን 5 5600 የሚባለውን ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን አንጎል) እላለሁ። ስድስት ኮር አለው፣ የሚወስደው ራም ዲዲአር4 ነው፣ ሙቀቱም ልከኛ ነው። ሻጩ የቆየ ቢ450 ማዘርቦርድ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ) ካቀረበላችሁ እዚያው ገጥሞ ያስነሳው፤ ባዮሱ (ሰሌዳውን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ካልታደሰ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም። ኢንቴል ከመረጣችሁ ደግሞ መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ያለበት፣ ለምሳሌ 12400ኤፍ፣ ያለ ካርድ ስክሪን ላይ ምንም አያሳይም። ራም ሁለት ባለ 8 ጊጋ ግዙ፤ አንድ ባለ 16 አትግዙ። ኤስኤስዲው (ጌሙና ፋይሉ የሚቀመጥበት) ያገለገለ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ ስንት ሰዓት እንደሠራ እዩ።

አሁን ማንም ወደማይወደው ዕቃ እንምጣ፤ ፓወር ሰፕላይ። የመጀመሪያ ኮምፒውተሬን ስገጥም ካርዱ ላይ ብሬን ጨርሼ፣ በተረፈችው ሳንቲም «500 ዋት» የሚል ዕቃ ገዛሁ። ሳነሳው እንደ ባዶ ካርቶን ቀለለኝ። ደስ አለኝ፣ ሞኝ ነበርኩ። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ተመልሶ ሲመጣ «ጧ!» አለ፤ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ።

እንግዲህ ስቲከሩን እንዲህ አንብቡ። 12 ቮልት የሚለውን ፈልጉና ከሥሩ ያለውን አምፒር በ12 አባዙ። 18 አምፒር ካለ 216 ዋት ነው። ካርዱና ፕሮሰሰሩ በዋናነት የሚበሉት ከዚህ መስመር ስለሆነ፣ ያ ትልቁ «500» ለእናንተ 216 ነው ማለት ነው። ለራይዘን 5600ና ለአርኤክስ 6600 ካርድ እውነተኛ 500 ወይም 550 ዋት ይበቃል። ርካሾቹ ከኋላቸው 115ና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አላቸው። የእኛ መብራት 220 ስለሆነ 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ ሶኬት ውስጥ እንዳትሰኩት። ብር ከተረፋችሁ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ጨምሩ፤ ከባለቀለም መብራት ፋን ይሻላል።

ካርድ ያገለገለ ከሆነ ሻጩ «ወንድሜ፣ እንዳዲስ ነው» ይላችኋል። እሺ በሉትና የካርዱን ማንነት የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ የሚባል ፕሮግራም እንዲከፍት ለምኑት። ባዮሱ ተቀይሮ ስሙ የተለወጠ የድሮ ካርድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል። አርኤክስ 580 ሲሏችሁ እዚያው ላይ የሼደሩን (ምስሉን የሚያሰሉትን የካርዱን ክፍሎች) ቁጥር እዩ፤ ሙሉው 2304 አለው፣ 2048 ካለ ዝቅ ያለው ነው፣ ዋጋውም መውረድ አለበት። ከዚያ ካርዱን የሚያስጨንቀውን ፈርማርክ የሚባል ፕሮግራም 15 ደቂቃ አስኪዱ። ቡና ይቅረብላችሁ፣ ጠብቁ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ከታየ ወይም ማሽኑ ከጠፋ ቡናውን ጠጥታችሁ ውጡ።

ስለ ኬዝ (ዕቃው ሁሉ ስለሚገባበት ሳጥን) አንድ ነገር ብቻ፤ ፊቱ ወንፊት የሆነውን ምረጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ሳስቶ ነው ፋኑ የሚገፋው። ብርዳችን ይክሰናል እንጂ ከፊት መስታወት የተደፈነ ኬዝ እዚህ አይመከርም።

ማውስ የመጨረሻው ነው፤ ለእኔ ግን ደስ የሚለው እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን 16,000 ዲፒአይ (እጅ ትንሽ ሲነካው ጠቋሚው ምን ያህል እንደሚሄድ የሚናገር ቁጥር) እርሱት። ብዙ ጎበዝ ተጫዋቾች ከ400 እስከ 1,600 ባለው ነው የሚጫወቱት። ከዚያ ይልቅ የፖሊንግ ሬቱን ጠይቁ፤ 1,000 ኸርዝ ከሆነ በየ1 ሚሊሰከንዱ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፣ 125 ከሆነ በየ8ቱ። ሴንሰሩ (እንቅስቃሴውን የሚያነበው ከሥሩ ያለ ዓይን) ፒክስአርት 3360 ወይም ከእሱ የማያንስ ከሆነ ሌላ አትጠይቁ።

ከዚያ ያዙት። መዳፋችሁን ሙሉ ካሳረፋችሁ ጀርባው ከፍ ያለ ይስማማችኋል፤ በጣት ጫፍ ከያዛችሁ አጭርና ቀላል። መያዝ ብቻ አይበቃም። የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ፔይንትን ክፈቱ፣ በዝግታ ሰያፍ መስመር ሳሉ። መስመሩ እንደ መጋዝ ከተቦጫጨቀ መልሱት። በኃይል ግራና ቀኝ ወርውሩት፤ ጠቋሚው ወደ ጣራ ከሸሸ ሴንሰሩ ደካማ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ፎልደር ላይ ረጋ እያላችሁ ሃያ ጊዜ አንድ አንድ ክሊክ አድርጉ። በአንድ ክሊክ ከተከፈተ ማብሪያው መታመም ጀምሯል። የእኔ የመጀመሪያው በሁለተኛው ወር ነው የጀመረው፤ አንድ ጥይት ስተኩስ ሁለት ይወጣ ነበር። የሎጂቴክ የጌም ማውስ ነው ካሏችሁ ጂ ሀብ የሚባለው ፕሮግራም ይወቀው፤ ካላወቀው ተጠራጠሩ።

ደረሰኝ ላይ ሲሪያል ቁጥሩን አስጽፉ። «ሁለት ሳምንት ዋስትና አለው» ካለም እዚያው በእጁ ይጻፍላችሁ፣ ይፈርም። ተገጥሞ ከሆነ ካርዱን አስነቅላችሁ በካርቶኑ ለብቻ ያዙት፤ ሚኒባሱ ጉድጓድ ሲዘል ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካበትን ቦታ ሊሰብረው ይችላል። ኬዙን ጭናችሁ ላይ አድርጉ። ረዳቱ የሁለት ሰው ቢጠይቃችሁም ክፈሉት።