የሆምስቴድ ቤተሰብ ታሪክ የምትፈልጉ ሰዎች፣ ከስሙ ሳይሆን ከመሬቱ ጀምሩ

ካናዳ ፕሪየሪ ላይ (ሜዳማዎቹ አልበርታ፣ ሳስካችዋንና ማኒቶባ) የምትኖሩ፣ በጋብቻም ሆነ በልጆቻችሁ በኩል ከድሮዎቹ የሆምስቴድ ገበሬዎች፣ ማለትም ከመንግስት መሬት ወስደው ከሰፈሩት ጋር የተዛመዳችሁ፣ ይሄ ለናንተ ነው። እኔ ዘሬን እስከ ሰባት ቤት ቁጠር እየተባልኩ ነው ያደግኩት፣ ልጆቼ ግን በኔ በኩል ሰባቱን ጠርተው በእናታቸው በኩል ሦስተኛው ላይ ይቆሙና "ከዛስ?" ይሉኛል። የባለቤቴ ቅድመ አያት ከኦክላሆማ መጥተው ከኤድመንተን በስተሰሜን አምበር ቫሊ የሰፈሩ ጥቁር ገበሬ ናቸው፣ ድሮ ፓይን ክሪክ ይባል የነበረው ማለት ነው። ኦክላሆማ በ1907 ስቴት ስትሆን ጥቁርን ከነጭ የሚለዩ ህጎች ወዲያው ወጡ፣ በ1910 ደግሞ የመምረጥ መብታቸውን የሚነጥቅ ህግ መጣ፣ ካናዳ በዛው ሰአት 160 ኤከር በ10 ዶላር መመዝገቢያ ኑ ውሰዱ ትል ነበር (65 ሄክታር አካባቢ ነው፣ በኛ ከአንድ ጋሻ ተኩል ያልፋል)። አመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ኮምፒውተር አትክፈቱ፣ ቤት ውስጥ ያሉት ትልቅ ሰው ጋ ሂዱና ቁጭ በሉ። መቼ ተወለዱ መቼ መጡ ብላችሁ በቁጥር አታስጨንቋቸው፣ የውሀ ጉድጓዱን ማን ቆፈረው፣ ክረምት ላይ ምን ትበሉ ነበር፣ ትምህርት ቤት በየት በኩል ነበር የምትሄዱት በሏቸው። ስልካችሁን ሪከርድ ላይ አድርጉ፣ ግን አስፈቅዱ። የባለቤቴ አክስት አመተ ምህረት ስጠይቃቸው ዝም ያሉት ሴትዮ ስለ ጉድጓዱ ስጠይቃቸው ሁለት ሰአት አወሩኝ፣ ጎረቤት የነበሩትንም ሁሉ በስም ጠሩልኝ፣ ያ የጎረቤት ስም በኋላ እንዴት እንደጠቀመኝ እነግራችኋለሁ።

ቀጥሎ መሬቱን ፈልጉ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ በስም ስፈልግ ነው የከረምኩት፣ ለካ ጸሀፊው የቤተሰቡን ስም በሰማው መንገድ ጽፎት የመጀመሪያው ፊደል ራሱ ሌላ ነበር። ይሄ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ ስንቶቻችን ነን ኤርፖርት ላይ የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ የቀረ። የዩክሬን ሰፋሪዎች ስም ደግሞ ከዚህም የባሰ ተበላሽቷል። መሬት ግን ስሙ አይቀየርም፣ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ እንዲህ ይነበባል። ሰሜን ምእራብ 22፣ 66፣ 20፣ ከአራተኛው ሜሪዲያን በስተምእራብ የሚል ካገኛችሁ ከኋላ ወደፊት ሂዱ። አራተኛው ሜሪዲያን የአልበርታና የሳስካችዋን ድንበር ነው፣ 20 ሬንጁ ነው፣ ከዛ መስመር ወደ ምእራብ ሀያኛው ረድፍ፣ 66 ታውንሺፑ ነው፣ ከአሜሪካ ድንበር ወደ ሰሜን ይቆጠራል። አንድ ታውንሺፕ 6 ማይል በ6 ማይል ሆኖ 36 ሴክሽን አለው፣ 22 ከነሱ አንዱ ነው፣ አቆጣጠሩ ከደቡብ ምስራቅ ጥግ ተነስቶ ወደ ምእራብ ይሄዳል፣ 6 ላይ ሲደርስ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ይወጣና ወደ ምስራቅ ይመለሳል፣ ልክ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ዳር ደርሶ እንደሚዞረው። ሴክሽን 640 ኤከር ነው፣ የናንተ ሰዎች የወሰዱት ሩቡን ነው፣ ሰሜን ምእራብ የሚለው የትኛው ሩብ እንደሆነ ነው። 11 ወይም 29 ላይ ካረፋችሁ እሱ ለትምህርት ቤት ተይዞ በጨረታ የሚሸጥ መሬት ስለነበር የሆምስቴድ ፋይል አትጠብቁ።

አሁን ወደ ፋይሉ። ላይብረሪ ኤንድ አርካይቭስ ካናዳ (የሀገሪቱ ቤተ መዛግብት) ድረገጽ ላይ ከ1870 እስከ 1930 ያለው የመሬት ሰነድ ኢንዴክስ በነጻ ይታያል፣ ግን እዛ የምታገኙት እስከ መጨረሻው ቆይተው ፓተንት (የመሬቱን የባለቤትነት ወረቀት) የወሰዱትን ነው፣ ተስፋ ቆርጠው የሄዱትን አይደለም። ሙሉ ፋይሉ በየፕሮቪንሱ አርካይቭ ነው ያለው፣ የአልበርታው ኤድመንተን ውስጥ በማይክሮፊልም አለ። እባካችሁ ኢንዴክሱን አይታችሁ አገኘን ብላችሁ አታቁሙ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያቆመው፣ ወርቁ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው።

ምክንያቱም ገበሬው ፓተንት ለመጠየቅ በመሀላ መናገር ነበረበት፣ ሦስት አመት በየአመቱ ቢያንስ ስድስት ወር እዛው መኖሩን፣ በየአመቱ ስንት ኤከር እንዳረሰ፣ ስንት ከብት እንዳለው፣ ቤቱ ስንት በስንት እንደሆነ። የኛዎቹ ፋይል ላይ የመጀመሪያው አመት 3 ኤከር ይላል። ሦስት! ጫካ በመጥረቢያ መንጥሮ ጉቶ ነቅሎ ሦስት ኤከር፣ ከግንድ የተሰራ ቤት 14 በ16 ጫማ፣ ልጆች ስድስት። ይሄን ሳነብ ልጆቼን ጠርቼ ሳሎናችንን በሜትር ለካንላቸው፣ ቤቱ ሙሉውን እዛ ውስጥ ይገባል። ሁለት ጎረቤትም ምስክር ሆኖ ይፈርማል፣ አክስትየው የጠሩት ስም እዛ ፊርማ ላይ ስላገኘሁት ነው ፋይሉ የኛ መሆኑን ያረጋገጥኩት። ፋይሉ ውስጥ የማታውቁት ሰው ወረቀት ብታገኙ አትደንግጡ፣ ከናንተ ሰዎች በፊት ወስዶት የተወው ነው።

ሴቶቹን ለብቻ ፈልጉ። ካናዳ ውስጥ ያገባችም ሆነ ያላገባች ሴት ሆምስቴድ መውሰድ አትችልም ነበር፣ ባሏ የሞተባትና ቤተሰብ የምታስተዳድር ካልሆነች በቀር፣ ስለዚህ እናቶቹ የመሬት ወረቀት ላይ የሉም። የህዝብ ቆጠራ ላይ ግን አሉ፣ የ1911ንና የ1916ን እዩ።

ሁለት ነገር ታሪኩ ውስጥ እንዳይቀር። አንዱ፣ በኦገስት 1911 የካናዳ መንግስት ጥቁሮች ለአንድ አመት እንዳይገቡ የሚል ትእዛዝ አጽድቆ ነበር፣ ስራ ላይ ሳይውል ኦክቶበር ላይ ቢሰረዝም ልጆቹ ማወቅ አለባቸው። ሁለተኛው፣ መሬቱ ባዶ አልነበረም፣ የክሪና የሌሎች ቀደምት ህዝቦች ነበር፣ ስለዚህ የትኛው የስምምነት ግዛት እንደሆነ እዩና ጻፉ፣ ለምሳሌ የኤድመንተን አካባቢ የ1876ቱ ትሪቲ 6 ነው።

መጨረሻ ላይ ሂዱና እዩት፣ ግን አሁን ያለውን ባለቤት ደውላችሁ አስፈቅዱ፣ አጥር ዘሎ መግባት አያስፈልግም። እኛ በሰኔ ሄደን አክስትን በዊልቸር ይዘናቸው ነበር፣ ቤቱ የለም፣ ሳር ብቻ ነው፣ እሳቸው ግን ትንሽ ዝቅ ያለ ቦታ በጣታቸው አሳዩንና "ጉድጓዱ" አሉ።