የተበዳይ እንባ በችሎት፦ ዳኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ በወንጀል ችሎት ለብዙ ዓመታት በዳኝነት ተቀምጫለሁ። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስህተቶች አዲስ ተሿሚዎች ሲደጋግሟቸው አይቻለሁ፤ አንዱን ግን እኔ ራሴ ፈጽሜዋለሁ።

ከሁሉም አብልጦ የሚያስቆጣኝ እውነትን በእንባ መመዘን ነው። የግል ተበዳይዋ ስታለቅስ ትታመናለች፤ ዐይኗ ደርቆ፣ ድምፅዋ ሳይለዋወጥ ስትመሰክር ግን «ተደፈርኩ የምትል ሴት እንዲህ ረግታ ትናገራለች?» ይባላል። ይህን አባባል ከዳኞች አንደበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሰሚ የምታለቅሰውን ይበልጥ እንደሚያምን፣ ልቅሶው ግን የቃሉን እውነተኛነት እንደማያመለክት አሳይተዋል። ተበዳይዋ እኛ ፊት ከመቆሟ በፊት የደረሰባትን ለቤተሰብ፣ ለፖሊስ፣ ለሐኪም፣ ለዐቃቤ ሕግ ተናግራለች፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ሲተካም ወራት አልፈዋል፤ እንባዋ እኛ ዘንድ ሳይደርስ አልቆ ሊሆን ይችላል። አንዷ ትደነዝዛለች፣ ሌላዋ ትንቀጠቀጣለች፣ በሐፍረት ፈገግ የምትልም አለች። ደግሞም ስህተቱ ወደ ሌላው ወገን ያጋድላል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ያለው ተከሳሽ በሌላ ሰው ሲቃ ሊፈረድበት አይገባም። ቃሏ ከሕክምና ማስረጃው፣ ከሌሎች ምስክሮች፣ ከሰዓቱና ከቦታው ጋር ይጣጣማል ወይ? መመርመር ያለበት ይህ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የሚያለቅስን ሰው ቃል እንደ ባዶ ሐዘን ቆጥሮ ማለፍ ሲሆን፣ የፈጸምኩትም ይህንኑ ነው። በአንድ የግድያ መዝገብ የሟች እናት በሶማሊኛ እየመሰከሩ፣ ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። አስተርጓሚው «ልጃቸው በመሞቱ እጅግ ማዘናቸውን ነው የሚገልጹት» ሲል አንድ ዐረፍተ ነገር ሰጠን፤ እኔም ያንኑ ጻፍኩ። ሶማሊኛ የሚያውቀው ተከላካይ ጠበቃ ግን ተነሥቶ አቤት አለ። እናቲቱ በሙሾአቸው መሐል በዚያ ምሽት ልጃቸውን ከደጅ የጠራው ማን እንደነበር ተናግረዋል፤ ስሙም የተከሳሹ አልነበረም። ቃላቸው ከመጀመሪያው እንዲተረጎም አደረግን። የእኛ አገር ሰው ሐዘኑን የሚገልጸው እየተረከ ነው፤ ማን መጣ፣ ምን ለብሶ ነበር፣ የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር ይላል። ሶማሊኛ፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ በሚነገርባት ከተማ አስተርጓሚው እያንዳንዱን ቃል እንዲተረጉም ከቃለ መሐላው ጊዜ ጀምሮ ሊነገረው ይገባል። «የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ» ብሎ ከማቋረጥም «እናቴ፣ ውኃ ይጠጡና ይቀጥሉ፤ እንጠብቅዎታለን» ማለት ይሻላል። የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው።

«አይዞሽ፣ እንፈርድልሻለን» ማለት ተከሳሹ እየሰማ ፍርዱን አስቀድሞ መስጠት ነው።

በቅጣት ላይ የሚታየው ስህተት ረቀቅ ያለ ነው። እኔ በሠራሁበት በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተበዳይ ስለ ጉዳቷ ብቻ የምትናገርበት የተለየ ደረጃ የለም፤ ከጥፋተኝነት ፍርዱ በኋላ ስለ ቅጣቱ አስተያየት የሚጠየቀው ዐቃቤ ሕግ ነው። ስለዚህ ሐዘኑ ከምስክርነቱ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣና በዳኛው ልብ ውስጥ ይቀራል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 የተመለከተው ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ስለሚያስቀጣ፣ ያ በልብ የቀረው ሐዘን ብዙ ዓመታትን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። የቅጣት ማክበጃው ጠቅላላ የማክበጃ ምክንያቶችን ከሚዘረዝረው አንቀጽ 84 ጋር ተገናዝቦ፣ ወይም ያልተዘረዘረ ምክንያት ሲሆን በአንቀጽ 86 መሠረት ምክንያቱ ተገልጾ መጻፍ አለበት። ሟቹ ከሩቅ የመጣ የቀን ሠራተኛ ሆኖ የሚያለቅስለት ዘመድ ችሎት ባይገኝስ፣ የገዳዩ ቅጣት ሊቀንስ ነው?

መዝገብ ላይ «ከሁኔታዋ እውነተኛነቷን ተረድተናል» ብሎ መጻፍም ለይግባኝ ሰሚው ምንም አይነግረውም። የታየው ይጻፍ፦ በየትኛው ጥያቄ ላይ ዝም አለች፣ ችሎቱ ለምን ያህል ጊዜ ተቋረጠ፣ ስትመለስ ምን አለች።

በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት የጉዳት ካሳ በወንጀሉ መዝገብ ላይ መጠየቅ የሚቻለው ነገሩ መሰማት ሲጀምር መሆኑን ብዙ ተበዳዮች አያውቁም፤ ችሎቱ በጊዜው ይንገራቸው።

በድሬዳዋ ሙቀት የጣራው ማራገቢያ ሲጮኽ ተበዳይን «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» እያሉ ደጋግመው የሚቆጡ ዳኞችን አውቃለሁ። ማራገቢያው ይጥፋ፣ ወንበሯም ወደ ችሎቱ ይጠጋ።