ለጦር ሰፈር ዘላቂ የትራንስፖርት ዕቅድ እንዴት ይዘጋጃል

በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ሴሚናሪ ሮድ ከአይ-395 አውራ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርባቸው የሳዘርን ታወርስ አፓርታማዎች አጠገብ፣ ማርክ ሴንተር የሚባል የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሕንጻ አለ። በ2005 የተወሰነው የጦር ሰፈሮች ሽግሽግ 6,400 ያህል ሠራተኛ ወደዚያ አዛወረ። ሕንጻው ሥራ የጀመረው በ2011 ነው። በእግር የሚደረስ የሜትሮ ባቡር ጣቢያ የለውም። ብዙ ሰው የጫኑ መኪኖች ከአውራ ጎዳናው በቀጥታ የሚወጡበት መንገድ የተከፈተው ደግሞ በ2016 ነው። ሕንጻው ቀደመ፣ መንገዱ ተከተለ። የትራንስፖርት ዕቅድ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር በአሜሪካ፣ በተለይም በዋሽንግተን ዙሪያ እንደ ፎርት ቤልቮር (በቨርጂኒያ ያለ የምድር ጦር ሰፈር) ላሉ የጦር ሰፈሮች የሚሆን ነው። የከተማ ትራንስፖርት የሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ነገር ያውቀዋል፤ አዲስ የሚሆንበት አጥሩ ነው። ከተማ ውስጥ አንድ መንገድ ቢዘጋ ሹፌሩ በሌላ ይዞራል። ሰፈር ውስጥ ግን ጄኔራሉም፣ ጽዳት ሠራተኛውም፣ ዳቦ የሚያመጣው መኪናም በኬላ ነው የሚያልፉት። ስለዚህ የብስክሌት መንገድ ከመሣል በፊት ኬላውን ማወቅ ይቀድማል። (ሰዓቱንም ዓመተ ምሕረቱንም የምንጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

1. ኬላው ላይ ቆማችሁ ቁጠሩ

ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ምረጡ። ሰኞና ዓርብ እረፍት የሚወጣው ስለሚበዛ ቁጥሩ ያንሳል። የበዓል ሳምንትንና ትልቅ ልምምድ ያለበትን ቀን ዝለሉ። ከንጋቱ 5፡00 እስከ 9፡30 በየ15 ደቂቃው ሦስት ነገር መዝግቡ፦ ስንት መኪና ገባ፣ በየመኪናው ስንት ሰው አለ፣ ሰልፉ እስከ የት ደረሰ። ሌላ ሰው ደግሞ ሰዓት ይዞ አንድ መኪና ጥበቃው ዘንድ ደርሶ መታወቂያ አሳይቶ እስኪያልፍ የሚፈጀውን ጊዜ ይለካ። ቢያንስ 100 መኪና ይለካ፤ በአሥርና በሃያ መኪና የተሠራ አማካይ አያስተማምንም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። አንድ መኪና 9 ሰከንድ ከፈጀ አንድ መስመር በሰዓት 400 መኪና ያስገባል፤ 3,600 ሰከንድ ለ9 ሲካፈል ማለት ነው። 12 ሰከንድ ከፈጀ 300 ብቻ ነው። አራት መስመር ባለው ኬላ ይህች የሦስት ሰከንድ ልዩነት በሰዓት 400 መኪና ታሳጣለች። የጥበቃ ደረጃው ከፍ ሲልና ፍተሻው ሲጠብቅ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ለእንዲህ ያለው ቀን የተለየ ስሌት አብራችሁ አስቀምጡ።

ብዙ ቡድን የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። የምድር ጦሩ የማለዳ ስፖርት አብዛኛውን ጊዜ 6፡30 ላይ ስለሚጀምር ኬላው ከ5፡45 እስከ 6፡20 ይጨናነቃል። ስፖርቱ ሲያልቅ ከአጥር ውጭ የሚኖረው ወታደር ቤቱ ሄዶ ይታጠባል፣ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ቁርሱን በልቶ 9፡00 ሳይሞላ ይመለሳል። አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ገባ ማለት ነው። ቁጠራውን 7፡00 ላይ የጀመረ ቡድን የመጀመሪያውን ማዕበል ጨርሶ አያየውም፤ ሁለተኛውን ደግሞ እንደ አዲስ ሰው ይቆጥረዋል። መፍትሔው እንደ ነገሩ ርካሽ ነው፦ ስፖርት ሜዳው አጠገብ በቂ ሻወርና ቁም ሣጥን፣ ቁርስ ቤቱም እስከ 8፡30 ክፍት። አስፋልት የማስፋትን ሐሳብ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

2. ሰዉ ከየት እንደሚመጣ እወቁ

ከሰው ኃይል ክፍል የሠራተኛውን ብዛት በዚፕ ኮድ (በሚኖርበት አካባቢ የፖስታ ቁጥር) ብቻ ጠይቁ። ስምና የቤት አድራሻ አትጠይቁ፤ የጸጥታ ክፍሉ አይፈቅድም፣ ለዕቅዱም አይጠቅምም። ወታደሩን፣ ሲቪል ሠራተኛውንና ኮንትራክተሩን (በውል የሚሠራ የግል ድርጅት ሠራተኛውን) ለያዩ፤ የሚፈቀድላቸው ነገር አንድ አይደለም። ሆስፒታል ወይም ለጡረተኞች የተከፈተ ገበያ ካለ ቀኑን ሙሉ የሚገባ የውጭ ሰው አለና እሱም ለብቻው ይቆጠር።

ከዚያ ካርታ ላይ አስቀምጡት። እስከ 5 ኪሎ ሜትር ያለው ሰው ለብስክሌት ይታሰባል። ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከአንድ ዚፕ ኮድ 20 እና 30 ሆኖ የሚመጣው ቫን በጋራ ለመያዝ የተፈጠረ ነው። መካከል ላይ ያለው ለአውቶቡስ ነው፣ መንገዱ ላይ አውቶቡስ ካለ።

3. መኪና ማቆሚያውን መጥኑ

ከጠዋቱ 10፡00 ላይ ሁሉንም ማቆሚያ ዞራችሁ ባዶውን ቁጠሩ። ብዙ ሰፈር ውስጥ አንዱ ሕንጻ ፊት ለፊት መኪና ሣር ላይ ሲቆም አምስት ደቂቃ በእግር ርቆ ያለው ማቆሚያ ግማሹ ባዶ ነው። ያኔ ችግሩ የቦታ እጥረት ሳይሆን የአመዳደብ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የፌዴራል ተቋማትን ዕቅድ የሚመረምረው የብሔራዊ ዋና ከተማ ፕላን ኮሚሽን ከከተማው ወጣ ላሉ ተቋማት የሚታወቅ መለኪያ አለው፦ ለ1.5 ሠራተኛ 1 ማቆሚያ። ለ900 ሠራተኛ 600 ቦታ ይሆናል። አንድ ቦታ ከመተላለፊያው ጋር 30 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚወስድ 1.8 ሄክታር አስፋልት ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ቦታ ቢሰጥ 2.7 ሄክታር ይሆን ነበር።

ማቆሚያ ነፃና የተትረፈረፈ ሆኖ ሌላው ዕቅድ ሁሉ ይሳካል ብላችሁ አትጠብቁ። በኛ ግምት ከዕቅዱ ውስጥ በጣም የሚጠላውም፣ በጣም የሚሠራውም ይህ ክፍል ነው።

4. ጉድለቱን በመኪና ብዛት አካፍሉት

ምሳሌ እንውሰድ። በከፍተኛው ሰዓት 2,000 መኪና ይመጣል፤ ኬላው በአራት መስመር 1,600 ያስገባል። ጉድለቱ 400 ነው። «አማራጭ ትራንስፖርት ይበረታታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይህን አይሞላም። እንዲህ ይከፋፈላል፦ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው የያዙ 12 ቫኖች 108 ሰው ያመጣሉ፣ 96 መኪና ይቀንሳሉ። 120 ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ በአንድ መኪና ቢመጣ 60። መመሪያው ከፈቀደ 300 ሰው በሳምንት አንድ ቀን ከቤት ቢሠራ፣ ቀኑ ለሁሉም ዓርብ እስካልሆነ ድረስ፣ በቀን 60። በአውቶቡስ 40። 150 ደግሞ የመግቢያ ሰዓት በመቀየር፣ አንዱን ክፍል 7፡00 ሌላውን 8፡30 በማድረግ። ድምሩ 406 ነው።

የሰዓቱን ለውጥ ከሁሉም በፊት ጀምሩት፤ አንድ የአዛዥ ደብዳቤ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። ነገር ግን ጭስና ነዳጅ አይቀንስም፣ ሰልፉን ብቻ ነው የሚበትነው። ዘላቂ የሚለው ስም የሚገባው ለሌሎቹ ነው።

5. አውቶቡሱን ከኬላው ጋር አስታርቁ

የከተማ አውቶቡስ ሰፈሩ ውስጥ ይግባ ማለት ወረቀት ላይ ያምራል። ኬላው ላይ ግን ጥበቃው አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ የእያንዳንዱን መታወቂያ ያያል። 30 ተሳፋሪ በ6 ሰከንድ ሦስት ደቂቃ ነው፤ መታወቂያ የሌለው እንግዳ ካለ እሱ እስኪወርድ ሌላ ደቂቃ። በየጉዞው ይህን የሚያህል መዘግየት የከተማው አውቶቡስ ድርጅት አይቀበለውም። የሚሻለው መቀያየሪያ ጣቢያውን ከአጥሩ ውጭ ማድረግ፣ አጠገቡ የእግረኛ በር በካርድ መክፈት፣ ከበሩ ወዲያ ደግሞ የሰፈሩ ሰርቪስ መቆም ነው። እግረኛው ራሱ ካርዱን ነክቶ ይገባል።

የሰርቪሱን ብዛት በስሌት ወስኑ። 12 ኪሎ ሜትር ዙር በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት 36 ደቂቃ ነው፤ ለሹፌሩ 9 ደቂቃ ትንፋሽ ሲጨመር 45። በየ15 ደቂቃው እንዲመጣ ሦስት መኪና ይበቃል፣ አንድ ደግሞ ለመጠባበቂያ። በገንዘብ እጥረት አንድ መኪና ብቻ መድባችሁ በየ45 ደቂቃው ከምትልኩ ባትጀምሩ ይሻላል፤ ባዶውን ይዞራል፣ ከዚያ «ሰው አልፈለገውም» ተብሎ ይዘጋል።

አንድ ትንሽ ነገር አለች። በአብዛኛው የምድር ጦር ሰፈር 17፡00 ላይ መለከት ተነፍቶ ሰንደቅ ዓላማ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ መኪና ሁሉ ባለበት ይቆማል። 16፡58 ላይ የሚነሳ ሰርቪስ መሐል መንገድ ላይ ይቆምና ተሳፋሪው የ17፡10 ባቡር ያመልጠዋል። መነሻውን 16፡50 ወይም 17፡05 አድርጉት።

6. ሕጉንና ገንዘቡን ቀድማችሁ ጠይቁ

በመንግሥት መኪና ሠራተኛን ከቤቱ ማምጣት በፌዴራል ሕግ በመሠረቱ ክልክል ነው፤ ከሥራ ቦታ እስከ ሕዝብ ማመላለሻ ጣቢያ ማድረስ ግን ይፈቀዳል። ለወታደሩና ለሲቪል ሠራተኛው የመንግሥት የትራንስፖርት ድጎማ አለ፤ በ2025 ጣሪያው በወር 325 ዶላር ነበር። ቫንም ይሸፈናል፣ ከሹፌሩ ሌላ ቢያንስ 6 መቀመጫ ካለው። ኮንትራክተር ከዚህ ድጎማ አያገኝም፤ ለእሱ ከአሠሪው ድርጅት ጋር መነጋገር ግድ ነው። ድጎማ የሚወስድ ሰው የማቆሚያ ፈቃድም እንዳይዝ ዝርዝሮቹን አስተያዩ።

7. ብስክሌትና ኤሌክትሪክ

በአሜሪካ ሰፈሮች መንገድ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሄልሜት ማድረግ ግዴታው ነው፤ የጆሮ ማዳመጫም ይከለከላል። ይህን ኬላው ላይ በምልክት ጻፉ፤ አዲስ መጪ አያውቀውም። ለኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ከቻርጅ ማድረጊያው በፊት ትራንስፎርመሩን እዩ፦ 7.2 ኪሎ ዋት የሚስቡ 20 ማድረጊያዎች አብረው ሲሠሩ 144 ኪሎ ዋት ነው። አሮጌ ሕንጻ ይህን ላይችል ይችላል። የሥራ መኪኖች ማታ ስለሚቆሙ በተራ ማስሞላት ይቻላል።

8. ጎረቤትን ያዙ

ከ2001ዱ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በፎርት ቤልቮር ውስጥ የሚያልፈው ዉድላውን ሮድ ለሕዝብ ተዘጋ። ምትኩ፣ ጄፍ ቶድ ዌይ፣ የተከፈተው በ2014 ነው። በመካከሉ 13 ዓመት የዞረው የአካባቢው ነዋሪ ነው። ስለዚህ ካውንቲውን፣ የክልሉን መንገድ መሥሪያ ቤትና የአውቶቡስ ድርጅቱን ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ቁጠራው ላይ ጥሩ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ በሰፈሩ ማስተር ፕላን ውስጥም ይግባ። አዛዥ ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓመት ይቀየራል፤ በቃል የተስማማው ሰው ሲሄድ ሰርቪሱም አብሮት ይሄዳል። ሥራውን የሚከታተል አንድ ሲቪል ሠራተኛ መድቡ፣ ስልኩም ኬላው ላይ ይለጠፍ።

ቁጠራውን በየዓመቱ በዚያው ሳምንት ድገሙት፣ የጥበቃውን ሰከንድ ጨምሮ። ኬላው አዲስ ስካነር ገብቶለት 9 የነበረው ወደ 6 ከወረደ አራቱ መስመሮች በሰዓት 2,400 ያስገባሉ። የ400ው ጉድለት ጠፋ ማለት ነው፤ ሰልፉ ግን ከኬላው ተነስቶ ማቆሚያው በር ላይ ይቆማል፣ ስለዚህ በዚያው ጠዋት 10፡00 ላይ ማቆሚያውንም ዞራችሁ ቁጠሩ።