ፋይል ሲጫን የቪዲዮ ጥሪ እንዳይቆራረጥ ያደረግኩት

ትልቅ ፋይል ወደ ክላውድ መጫን ሲጀምር የቪዲዮ ጥሪው ድምፅ ይቆራረጥ ነበር። የኢንተርኔቱ ፍጥነት ግን ደህና ነው። ፒንግ ሳደርግ (ትንሽ መልእክት ልኬ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ ስለካ) ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ፦ መስመሩ ባዶ ሲሆን 20 ሚሊሰከንድ፣ ጭነቱ ሲጀምር ከ600 በላይ።

ችግሩ ያለው ቤቱን ከኢንተርኔት መስመሩ ጋር በሚያገናኘው ሞደም ውስጥ ነው። የሚላከው ዳታ ከመስመሩ አቅም ሲበልጥ ሞደሙ ፓኬቶቹን (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክባቸውን ትንንሽ ቁርጥራጮች) ቶሎ አይጥልም፤ ወረፋ ያሲዛቸዋል። ትንሿ የድምፅ ፓኬት ከፋይሉ ፓኬቶች ኋላ ተሰልፋ ትጠብቃለች። ፋይል ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ማንም ልብ አይልም። ድምፅ ግን በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ብዙ ካለፈ ሰዎች እርስ በርስ ንግግር መነጣጠቅ ይጀምራሉ።

ስለዚህ ወረፋውን ከሞደሙ ወስዶ ለራውተሩ መስጠት ያስፈልጋል። ራውተሬ ላይ ያለው ኦፕንደብሊውአርቲ (OpenWrt) የሚባል የራውተር ሶፍትዌር ነው። ኤስኪውኤም (SQM) የሚባለውን ወረፋ የሚያስተዳድር ፓኬጅ ጫንኩ፤ ከወረፋ አያያዞቹ ኬክ (CAKE) የሚባለውን መረጥኩ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ የመላኪያ ፍጥነቱን ከተለካው 90 በመቶ ላይ ገደብኩት። 10 ሜጋቢት ከሆነ 9 ማለት ነው። ሙሉውን ከሰጣችሁት ወረፋው ተመልሶ ሞደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ ያኔ ራውተሩ ለማንም ቅድሚያ ቢሰጥ ዋጋ የለውም።

ድምፅን ለይቶ ለማስቀደም ዲኤስሲፒ (DSCP) 46 የሚባል ፓኬቱ ላይ የሚደረግ ምልክት አለ። ሁሉም አፕ ስለማይጠቀምበት፣ መንገድ ላይ ያሉ ኔትወርኮችም ሊያጠፉት ስለሚችሉ ብዙ አልተማመንኩበትም። ደግነቱ ኬክ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ተራ በተራ ያዳርሳል፤ ያለ ምልክቱም ድምፁ ያልፋል።

አሁን ፋይሉ እየተጫነም ፒንጉ 25 አካባቢ ነው።