በደጋ አገር ለቤት ቢራ ጠመቃ ፓምፕ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይሠራበታል?

20 ሊትር የፈላ የብቅል ጭማቂ ከነድስቱ አንስቶ መገልበጥን ለማንም አልመክርም። ቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ፓምፕ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ለዚህ ነው፤ ትኩሱን ነገር እጅ ሳይነካው ከድስት ወደ ድስት ያሻግርለታል። ሁለተኛ፣ ከድፍድፉ (በሙቅ ውሃ ከተዘፈዘፈው ብቅል) ሥር የሚወጣውን ጭማቂ መልሶ ከላይ ያዞራል። ያን ጊዜ ሙቀቱ እኩል ይሆናል፣ ጭማቂውም በገብሱ ገለባ ውስጥ እየተጣራ ይጠራል። ሦስተኛ፣ እንደ ጌሾ ምሬት ከሚሰጠው ከሆፕስ ጋር የፈላውን ጭማቂ በማቀዝቀዣ ቱቦ አሳልፎ ቶሎ ያበርዳል።

ፓምፕ የሚገዛ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ጉልበቱን ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ ለሚጠምቅ ግን የሚቀድመው ጥያቄ ፓምፑ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከፍታው ምን ያደርጋል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ውሃ 90 ወይም 91 ዲግሪ ላይ ይፈላል። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከዚያም ዝቅ ይላል፤ ጣርማበርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ለወረደ ሰው ደግሞ ወደ 96 ይጠጋል። ደጋው ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ፓምፕ ፈሳሽ የሚስበው መግቢያው ላይ ግፊት ቀንሶ ነው። ለመፍላት አንድ ሐሙስ የቀረው ፈሳሽ ደግሞ ግፊቱ ትንሽ ሲቀንስበት እዚያው ፓምፑ ውስጥ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት የሞላው ፓምፕ አይገፋም፤ ጠጠር የገባበት ይመስል ይንኳኳል፣ ፍሰቱ ይቆራረጣል፣ በመጨረሻም ያቆማል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፓምፑ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ፓምፑ ግን ደህና ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፓምፑን ከድስቱ ቧንቧ ቢያንስ በግማሽ ሜትር ዝቅ አድርጉት። ሁለተኛ፣ እሳቱን አጥፉና ጥቂት ጠብቁ። በደብረ ብርሃን ከፍታ ከመፍያው 4 ዲግሪ መውረድ ድስቱን 1 ሜትር ያህል ከፍ ከማድረግ ጋር ይተካከላል። ቴርሞሜትር ካላችሁ 86 እስኪል ጠብቁ። 65 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለው ድፍድፍ ግን ይህ ስጋት የለበትም።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

ለቤት ጠመቃ የሚመቸው በማግኔት የሚዞር ሴንትሪፉጋል (ፈሳሹን እያሽከረከረ የሚገፋ) ፓምፕ ነው። ሞተሩና ፈሳሹ አይገናኙም፤ ኢምፔለር የሚባለውን ተሽከርካሪ ከግድግዳው ወዲያ ያለ ማግኔት ያዞረዋል። በሞተሩ ዘንግ በኩል የሚያፈስበት ቦታ የለም፣ መውጫውን ለጥቂት ጊዜ ብትዘጉበትም አይጎዳም።

ሮቶ ለመሙላት የገዛችሁት የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ቤት ውስጥ ስላለ ብቻ ለቢራ አይሁን። ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ነው፣ አካሉም ብዙውን ጊዜ የሚዝግ ብረት ነው፤ የዝገት ጣዕም ደግሞ ከቢራ አይወጣም። ጉልበቱም ለ20 ሊትር ጠመቃ ከልክ ያለፈ ነው።

የፓምፑን ወረቀት ስታነቡ ሙቀቱን ቅድሚያ ስጡት፤ 100 ዲግሪ ይችላል የሚል ይሁን፣ 60 የሚል ተመላሽ ነው። ፈሳሹን የሚነካው ክፍል ከማይዝግ ብረት ወይም ለምግብ ከተፈቀደ፣ ሙቀት ከሚችል ፕላስቲክ የተሠራ መሆን አለበት። ከፍታ የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። «3 ሜትር» ከተባለ፣ 3 ሜትር ላይ የሚወጣው ፈሳሽ ዜሮ ነው ማለት ነው። እናንተ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ማድረግ ከፈለጋችሁ 3 ሜትር የሚለውን ግዙ። ፍሰቱ በደቂቃ 8 እስከ 12 ሊትር ከሆነ ይበቃል።

ኤሌክትሪኩንም ተመልከቱ። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣው ፓምፕ ብዙ ጊዜ 115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ስለሆነ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። በትራንስፎርመር ቢሠራም በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፣ የሚገፋው ከፍታም ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ለጀማሪ የምመርጠው በ24 ቮልት አዳፕተር የሚሠራውን ትንሽ ፓምፕ ነው፤ እርጥብ ወለል ላይ ለሚቆም ሰው አደጋው ያነሰ ነው።

አተካከል

ከድስቱ እስከ ፓምፑ ያለው ጎማ አጭርና ሰፊ ይሁን፤ ግማሽ ኢንች ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ክር ያለበት የሲሊኮን ጎማ ጥሩ ነው። ክር የሌለው ለስላሳ ሲሊኮን ሲሞቅና ሲሳብ ይጣበቃል። ድስቱ ውስጥ የቧንቧው አፍ ላይ ወንፊት አድርጉ። ፍሰት መቆጣጠሪያውን ቫልቭ በመውጫው በኩል ብቻ ግጠሙት። መግቢያውን ማነቅ ያንኑ የእንፋሎት ችግር መጥራት ነው። የፓምፑ መውጫ ወደ ላይ ይዙር፣ ሞተሩ ከፈሳሹ ክፍል በታች አይሁን፤ ጠብታ ቢኖር ሞተሩ ላይ እንዳያርፍ። ጎማዎቹን ሁሉ በፋሸታ እሰሩ።

አነሳስ

ይህ ፓምፕ ውስጡ አየር ካለ ፈሳሽ መሳብ አይችልም፤ ሳይሞላ ከተነሳ ዝም ብሎ ይዞራል፣ የሚያለሰልሰውና የሚያበርደው ፈሳሹ ስለሆነም ይበላል። ስለዚህ ሳታበሩት የመውጫውን ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ የጎማውን ጫፍ ከድስቱ ፈሳሽ በታች ወዳለ ጆግ ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ የድስቱን ቧንቧ ክፈቱ። ጎማውን ዓይናችሁ ይከተለው፦ መጀመሪያ አረፋ ይመጣል፣ ቀጥሎ አረፋና ጭማቂ እየተፈራረቁ፣ በመጨረሻ ያለ ማቋረጥ ጭማቂ ብቻ። ያኔ ቫልቩን ዝጉ፣ ጎማውን ወደሚሄድበት አንሱና እሰሩት፣ ፓምፑን አብሩ፣ ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ድምፁ ከተቀየረ አጥፉና እንደገና አየሩን አውጡ።

ድፍድፍ ላይ ስታዞሩ በደቂቃ 2 እስከ 4 ሊትር ይበቃል። ከዚያ ከፈጠነ ገለባው ወደ ታች ተስቦ ይጠቀጠቅና ጭማቂው ማለፍ ያቆማል። ይህ ከተከሰተ ፓምፑን አጥፉ፣ ድፍድፉን በቀስታ አማስሉ፣ 10 ደቂቃ አሳርፋችሁ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ።

መብራት ከጠፋ ወዲያውኑ ንቀሉት። ሲመለስ በራሱ ይነሳል፣ እስከዚያ ድስቱ ተንጠፍጥፎ ከሆነ በደረቁ ይዞራል።

መብላላት ከጀመረ በኋላ ፓምፕ አይነካው። ትንሽ ስንጥቅ ባለው መግቢያ አየር ስቦ ቢራው ውስጥ ይበትናል፣ ቢራውም ጣዕሙን ያጣል። ከመብላያው ዕቃ ወደ ጠርሙስ የሚወርደው ከፍ ካለ ቦታ በጎማ ብቻ ይሁን።

እጥበት

ጭማቂውን ከማብረዳችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች ትኩሱን በፓምፑና በማቀዝቀዣው ውስጥ አዙሩት፤ ውስጣቸው ይጸዳል። ሥራው ሲያልቅ ወዲያው በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ ሶዲየም ፐርካርቦኔት የሚባለውን የማጽጃ ዱቄት ካገኛችሁ በእሱ አዙራችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። አልፎ አልፎ የፊቱን ብሎኖች ፈታችሁ ክፈቱት። የሆፕስ ቅጠልና የብቅል ዝቃጭ ኢምፔለሩ ሥር ይሸሸጋል። መልሳችሁ ስትገጥሙ የጎማ ማሸጊያዋ ቦታዋ ላይ መቀመጧን አረጋግጡ፣ ብሎኖቹን በተቃራኒ ማዕዘን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ሞክሩትና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።