ቅልጥፍናን በ«ቲ» ቅርጽ መለካት

ቀጥ ባለ መስመር የሚፈተለክ ልጅ ሁሉ ቀልጣፋ አይደለም። በስፖርት ቅልጥፍና የምንለው ሚዛንን ሳይስቱ ቶሎ ገታ ብሎ፣ ዞሮ፣ እንደገና መነሳትን ነው (የመሥሪያ ቤቶቹ «የተቀላጠፈ አገልግሎት» ሌላ ጉዳይ ነው)። በሩጫ ሰዓት ብቻ ተጫዋች የሚመርጥ አሰልጣኝ ጥሩ ተከላካይ ያመልጠዋል።

በ«ቲ» (T) ቅርጽ ለሚሮጠው የቅልጥፍና ፈተና 4 ምልክት ይበቃል። ኮን ከሌለ አሸዋ የተሞላ ሃይላንድ ይሠራል፤ ባዶው በነኩት ቁጥር ይወድቃል። መነሻው «ሀ» ይሁን። ከእሱ ፊት ለፊት 9 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር ላይ «ለ»ን ያቁሙ። ከ«ለ» በስተግራ 4 ሜትር ከ57 ላይ «ሐ»፣ በስተቀኝም በዚያው ርቀት «መ» ይቆማሉ። በእርምጃ አይገምቱ፤ ርቀቱ ከተዛነፈ የዛሬውን ሰዓት ካለፈው ወር ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

ተፈታኙ ሰውነቱን ካሟሟቀ በኋላ ከ«ሀ» ሮጦ የ«ለ»ን ግርጌ በቀኝ እጁ ይነካል። ፊቱን ሳያዞር በጎን እርምጃ ወደ «ሐ» ሄዶ በግራው፣ ከዚያ እስከ «መ» ተሻግሮ በቀኙ ይነካል። ወደ «ለ» ተመልሶ በግራው ይነካና በኋልዮሽ ሩጫ «ሀ»ን ሲያልፍ ሰዓቱ ይቆማል። ሦስት ጊዜ ይሞክር፤ በየመሃሉ በደንብ ይረፍ፤ የተሻለው ይመዝገብ። ከ«ሀ» ጀርባ ሜዳው ከድንጋይ የጸዳ ይሁን፤ የሚደግፍም ሰው ይቁም፣ ብዙዎች የሚወድቁት እዚያ ነው።

በጎን እርምጃ እግሩን ያጠላለፈ ወይም ግርጌውን ያልነካ ሙከራው አይያዝለትም። እግር ከተጠላለፈ አቅጣጫ መቀየር አይቻልም።

ሰዓት በብዛት የሚባክነው «መ» ላይ ነው። ልጁ ቀጥ ብሎ ይደርስና ከወገቡ ብቻ ይጎነበሳል፤ ሰውነቱ ምልክቱን አልፎ ስለሚሄድ ለመመለስ ትርፍ እርምጃ ያወጣል። መፍትሔው ከመድረሱ ቀደም ብሎ እርምጃውን ማሳጠር፣ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ማለት፣ የውጭውን እግር ከሰውነቱ ራቅ አድርጎ መትከልና በእሱ መግፋት ነው።

ልምምዱ በሳምንት 2 ቀን፣ በሥልጠናው መጀመሪያ ይሁን። የደከመ እግር የሚለምደው የተበላሸ አዟዟር ነው። አንዱ ዙር ከ10 ሰከንድ ብዙም አይለፍ፣ ዕረፍቱ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ። መንገዱን ከለመዱት በኋላ ግራ ወይም ቀኝ መሆኑን አስቀድመው አይንገሯቸው፤ «ለ» ሊደርሱ 2 ሜትር ያህል ሲቀራቸው በእጅዎ ያሳዩ።